ስለ ጌታቸው መኩሪያ «ሞዓ አንበሳ» አልበም ለአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የሙዚቃ ዝግጅት ክፍል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የጣቢያው የሙዚቃ ዝግጅት ክፍል ኃላፊ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ የሳክስፎን ተጫዋቹን የጌታቸው መኩሪያን ሥራዎች፣ በተለይም በ2006 ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር ያወጣውን «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘ አልበም አብረን የምናዳምጥና የምንወያይበት የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ነን። ለመጻፍ ያስገደደን ጣቢያዎ ጌታቸው ያረፈበትን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ባስተላለፈው የመታሰቢያ ዝግጅት ይህ አልበም ሆን ተብሎ እንዲቀር መደረጉ፣ እኛም ቅሬታችንን በጽሑፍ ስናቀርብ ከክፍልዎ የተሰጠን መልስ ነው። የጣቢያውን ስም እዚህ ያልጠቀስነው ሌሎች ጣቢያዎችም ከዚሁ ነቀፋ ነጻ ስላልሆኑ ነው። በደብዳቤው የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን የሕይወት ታሪኩ በተነገረበት መንገድ ላይ ነው። ዝግጅቱ ጌታቸው በ1935 በይፋት መወለዱን፣ በልጅነቱ ክራርና መሰንቆ መጫወቱን፣ በ1949 ገና አዳጊ ሳለ ወደ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ መግባቱን፣ በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ አባል መሆኑን፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ መዛወሩን በሚገባ ተርኳል። በ1972 የወጣው ሸክላውም ተነሥቶ ከውስጡ ሁለት ሙዚቃዎች ተሰምተዋል። ከዚያ ግን ተራኪው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተሻግሮ በ2016 ማረፉን ነገረን። በሁለቱ ዓመቶች መካከል አርባ አራት ዓመት አለ። የዚህ ዘመን ከፊሉ በሰዓት እላፊ የታፈነ፣ የምሽት ሙዚቃ የተዳከመበት ጊዜ ስለነበር ብዙ የሚነገርለት ላይኖር ይችላል፤ የመጨረሻው አሥር ዓመት ግን ጌታቸው ከሀገሩ ውጭ በብዛት የተሰማበት፣ አዲስ አልበም የሠራበት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች የቆመበት ዘመን ነው። የአንድን ሙዚቀኛ መታሰቢያ አዘጋጅቶ ይህን ዘመን መዝለል ለማሳጠር ተብሎ የተደረገ ነው ብለን ለመቀበል እንቸገራለን፤ ምክንያቱም በዚያው ዝግጅት ላይ ስለ አንድ የቴአትር ቤት አዳራሽ የመጋረጃ ቀለም ለመተረክ በቂ ጊዜ ተገኝቶ ነበር።

የተዘለለው ይህ ነው። በ2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀውና የቀድሞ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎችን በሲዲ የሚያወጣው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አሥራ አራተኛ ቁጥር ለጌታቸው ተሰጠ፤ የ1972ቱም ሥራ በዚያ መንገድ ለዓለም ተሰማ። ዘ ኤክስ በበኩሉ በ1979 በሆላንድ የተመሠረተ፣ አለቃ የሌለው፣ ከፓንክ ተነሥቶ ወደ ማንም ያልሰየመው አቅጣጫ የሄደ ባንድ ሲሆን፣ በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በተለያዩ ከተሞች ተጫውቷል፤ ከዚያም በኋላ ተመላልሷል። በ2004 ባንዱ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘ። በዚያ ጉዞ መጀመሪያ አብረውት የተጫወቱት የአይ ሲ ፒ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ ይህ ኦርኬስትራ ከ1967 ጀምሮ የቆየ፣ በአውሮፓ የጃዝ ዓለም እጅግ የተከበረ፣ ኖታ አንብቦም ያለ ኖታም መጫወት የሚችል ስብስብ ነው። ጌታቸው ከእነሱ ጋር ተጫወተ፤ ዘ ኤክስንም በመድረክ ላይ ሰማ፤ ከዚያም ለሚቀጥለው አልበሙ አጃቢ እንዲሆኑት የጠየቀው ዘ ኤክሶችን ነበር። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ስድሳ ዘጠኝ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በላይ በኦርኬስትራ ውስጥ የኖረ ሰው አማርጦ የወሰነው ውሳኔ ነው።

ይህን በዝርዝር ያነሣነው ሁለተኛው ቅሬታችን ከዚሁ ጋር ስለሚያያዝ ነው። በዝግጅቱ ማብቂያ አካባቢ አንድ አድማጭ በስልክ ገብቶ ስለ «ሞዓ አንበሳ» ሲጠይቅ፣ አቅራቢው ፈረንጆች አንድ ሽማግሌ ሙዚቀኛ ይዘው የራሳቸውን ሙከራ የሠሩበት ሥራ እንደሆነና የጌታቸው ሥራ ተብሎ ሊቆጠር እንደማይገባ ተናግሯል። ጠያቂው መልስ ለመስጠት ሲሞክር መስመሩ ተቋርጧል። ምናልባት የቴክኒክ ችግር ይሆናል፤ አባባሉ ግን እስካሁን አልታረመም። አልበሙን የሰማ ሰው የሚያገኘው ተቃራኒውን ነው። ዜማዎቹ «ኢትዮጵያ ሀገሬ»፣ «ቼ በለው ሽለላ»፣ «አሃ ገዳዎ»፣ «አልማዝ የሐረርዋ»፣ «ትዝታ» እና ሌሎች እዚሁ የምናውቃቸው ናቸው፤ ከዘ ኤክስ የቀድሞ አልበሞች አንድም ዘፈን የለበትም። ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ በአብዛኛው የራሱን ዘፈኖች ሲጫወት የኖረ፣ ለማንም ላለመታዘዝ የተፈጠረ ባንድ፣ በዚህ አልበም ላይ ግን የሌላ ሰው አጃቢ ሆኖ ተቀምጧል። ሙከራው የማን እንደሆነ ለመፍረድ ከፈለግን ከዚህ መጀመር አለብን።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ ከክፍልዎ የደረሰን የጽሑፍ መልስ ነው። መልሱ አልበሙ «ጩኸት የሚበዛበት» በመሆኑ ለጣቢያው አድማጭ ጆሮ እንደማይመች፣ የኢትዮጵያን ቅኝት እንደሚያበላሽ፣ ስለዚህም ወደፊትም እንደማይተላለፍ ይገልጻል። በጣዕም ጉዳይ ከማንም ጋር አንከራከርም፤ ከእኛም መካከል በአንዳንዶቹ ሙዚቃዎች ላይ የሚሰማውን የያኔውን የዘ ኤክስ ድምፃዊ የጂ ደብልዩ ሶክን የእንግሊዝኛ ድምፅ የማይወዱ አሉ። ቅኝት ያበላሻል የሚለው ግን የጣዕም ሳይሆን የሙያ ፍርድ ስለሆነ በሙያ መመለስ አለበት።

የእኛ ዜማ የሚንቀሳቀሰው በቅኝቱ ድምፆች መካከል ነው፤ ከሥሩ እየተቀያየረ የሚሄድ የኮርድ (በአንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች ጥምረት) ሰልፍ አይፈልግም። ባለፉት አሥርተ ዓመታት ትዝታን ወይም አምባሰልን «ዘመናዊ» ለማድረግ የሞከሩ ብዙ ቅንብሮች የተበላሹት ኪቦርዱ በየአራት ምቱ አዲስ ኮርድ እየጫነ ዜማውን ወደማይሄድበት ስለሚጎትተው ነው፤ እነዚህን ደግሞ ጣቢያዎ ጠዋትና ማታ ያስተላልፋል። የዘ ኤክስ ጊታሮች ይህን አያደርጉም። ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ይዘው ደጋግመው ይመታሉ፣ ይፍቃሉ፣ ያቆማሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ፤ ዜማውን ለጌታቸው ትተውለት እነሱ ምቱን ይዘዋል። ክራር በምት ሲጫወት ያየ ሰው ይህን አጨዋወት ያውቀዋል፤ አንዱ እጅ አውታሮቹን በሙሉ ይገርፋል፣ የሌላው እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ድምፆች ያፍናሉ። በልጅነቱ ክራር ለተጫወተ ሰው እንዲህ ያለ ጊታር ባዕድ አይሆንበትም። ካትሪና ቦርነፌልድም ከበሮዋን የምትመታው ሰሃኑን ከማንጫጫት ይልቅ በወፍራሞቹ ከበሮዎች ላይ ስለሆነ፣ ችክችካው ሲመጣ ከመሬት የሚመጣ ይመስላል። ብዙ የሰለጠኑ አጃቢዎች ያላገኙትን ነገር እነዚህ ሰዎች ያገኙት የምዕራቡን የሙዚቃ ሕግ በትምህርት ቤት ስላልተማሩና፣ ስለዚህም ወደ እኛ ቅኝት ይዘውት የሚገቡት ሕግ ስላልነበራቸው ነው ብለን እናምናለን።

ጩኸት ስለተባለው ደግሞ፣ ጌታቸው መኩሪያ ስሙን ያተረፈው በምን እንደሆነ ክፍልዎ ዘንግቶ ከሆነ እናስታውስ። ይህ ሰው በ1950ዎቹ ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወስዶ በሳክስፎን ላይ ያዋለ ነው። ሽለላ የለዘብተኞች ዜማ አይደለም። ጦር ሜዳ ሊወርድ የተነሣ ሰው ደሙን የሚያፈላበት፣ አባቶቹን የሚጠራበት፣ ጠላቱን የሚያስፈራራበት ነው፤ ቃሉ ይሰበራል፣ ትንፋሹ ይቆረጣል፣ ድምፁ ይሻክራል። ጌታቸው ይህን ሁሉ በሳክስፎኑ አመጣው፤ መድረክ ላይ ሲሸልል የአንበሳ ጎፈር ጭኖና ለምድ ደርቦ ይወጣ የነበረውም ለዚሁ ነው። የውጭ ጸሐፊዎች ድምፁን ከአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ሊቆች ጋር እያመሳሰሉ ጽፈዋል፤ ሰውዬው ግን መነሻው ይፋት እንጂ ኒው ዮርክ አልነበረም። ያንን ድምፅ በ1972 ሸክላ ላይ ሲሰሙት «ቅርስ»፣ በ2006 ሲዲ ላይ ሲሰሙት «ጩኸት» የሚሉ ሰዎች የወደዱት ሽለላውን ነው ወይስ የሸክላውን ዕድሜ?

አልበሙ ከቀደሙት ሥራዎቹ የሚለየውና እኛን በየጊዜው ወደ እሱ የሚመልሰን አንድ ነገር አለ። ሸላይ ብቻውን አይሸልልም። በዙሪያው የሚቆሙ፣ «በለው» የሚሉ፣ የሚያቅራሩ፣ ዱላቸውን የሚያወዛውዙ ሰዎች ያስፈልጉታል፤ እሱን የሚያግለው የእነሱ ድምፅ ነው። በኦርኬስትራ ዘመኑ በተቀረጹት ሥራዎች ላይ ጌታቸው ይሸልላል፣ አጃቢዎቹ ግን ዩኒፎርም ለብሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ከአጨዋወታቸው ይታወቃል፤ በሥርዓት ይገባሉ፣ በሥርዓት ይወጣሉ። ይህ ነቀፋ አይደለም፤ እነዚያ ቅጂዎች በራሳቸው ውብ ናቸው። በ«ቼ በለው ሽለላ» ላይ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጀርባው የቆመ ጭፍራ እንሰማለን። ጊታሮቹ፣ ከበሮው፣ የኮሊን ማክሊን ቤዝ፣ ከጎኑ የተሰለፉት ሦስት የትንፋሽ ተጫዋቾች ማለትም ፈረንሳዊው የክላርኔት ተጫዋች ዣቪየ ሻርል፣ የአልቶ ሳክስፎን ተጫዋቹ ብሮዲ ዌስትና የትሮምቦን ተጫዋቹ ዮስት ባውስ፣ ሁሉም ሰውዬውን የሚያጅቡት እየገፉት ነው። እሱም ይገፋል። በሰባ ዓመቱ አካባቢ ያለ ሰው ያንን ወፍራም፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከዚያ ሁሉ መሣሪያ በላይ ሲያወጣው ስንሰማ፣ ለአዛውንት ሙዚቀኛ ተብሎ የሚደረግ የይሉኝታ አጀብ እዚህ እንደሌለ ይገባናል።

ስለ «ትዝታ»ም ጥቂት እንበል፤ ምክንያቱም አልበሙን የማያውቁ ሰዎች ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ግርግር ይመስላቸዋል። ትዝታን የሚሸፍን ጭፍራ አያስፈልግም፣ ባንዱም ይህን ያውቃል። ጌታቸው በሳክስፎኑ ከዜማው ጫፍ ላይ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ሲያቆየው የሚያጅቡት ቦታ ይሰጡታል። «ሙዚቃዊ ስልት»ም ሌላው ማሳያ ነው። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነውና በ1977 በዋልያስ ባንድ ኦርጋን የታወቀው ይህ ሙዚቃ እዚህ ኦርጋን የለበትም፤ ያንን ተመላላሽ ዜማ ጊታሮቹና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ተካፍለውታል፤ ከለሰለሰው የሆቴል ሙዚቃነቱ ወጥቶ አጥንቱ ታይቷል። ከዋልያሶቹ ይበልጣል አንልም። ሁለቱን በተከታታይ ማዳመጥ ግን አንድ ድርሰት ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል የሚያሳይ፣ ለሬዲዮ የተሠራ የሚመስል ትምህርት ነበር፤ ጣቢያዎ ግን ዕድሉን አልተጠቀመበትም።

እንዲያውም የተጠቀመበት መንገድ አራተኛው ቅሬታችን ነው። አልበሙ እንደማይተላለፍ በጽሑፍ ከተገለጸልን በኋላ፣ ከዚሁ አልበም የተወሰደው «ሙዚቃዊ ስልት» ለአንድ የንግድ ማስታወቂያ ማጀቢያነት በዚያው ጣቢያ ተሰምቷል። የጌታቸው ስም አልተጠራም፣ የግርማ በየነ ስም አልተጠራም፣ የባንዱም ስም አልተጠራም። ለመታሰቢያ የማይመጥን ሙዚቃ ለሸቀጥ ማሻሻጫ የሚመጥንበትን መለኪያ ልንረዳው አልቻልንም። በሌላ ቀን ደግሞ ከአልበሙ የተወሰደ ሌላ ቁራጭ «ከኢትዮፒክስ» ተብሎ ተዋውቋል፤ አልበሙ የወጣው ግን በኢትዮፒክስ ሳይሆን ቴርፕ በተባለው የቴሪ ሄሰልስ አሳታሚ ነው። ይህ ትንሽ ስሕተት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከውጭ ሀገር የሚመጣ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሁሉ ኢትዮፒክስ እየተባለ በተጠራ ቁጥር አድማጩ ማን ምን እንደሠራ የማወቅ መብቱን ያጣል፣ ሙዚቀኞቹም ስማቸውን ያጣሉ።

ከመዝለሉ የተነሣ አድማጭ ያላወቀው ሌላም አለ። በነሐሴ 2008 ጌታቸውና ዘ ኤክስ በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር የአደባባይ ትርኢት ላይ፣ ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴ በቆሙበት በዚያው ምሽት ተጫውተዋል። በ2012 ደግሞ ከባንዱና ከወዳጆቹ ጋር ሁለተኛ አልበም፣ «የአንበሳው ትዝታ»ን አወጣ። አንድ ጊዜ በስሕተት የገባበት ሥራ ቢሆን ኖሮ በሰባ ሰባት ዓመቱ ተመልሶ አይገባበትም ነበር። የእኛ ሀገር ልጆች ይህን ታሪክ ከውጭ ሰዎች ጽሑፍ እንዲማሩት መተው የጣቢያዎ ምርጫ እንዳይሆን እንፈልጋለን።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

አቅራቢው አልበሙ የጌታቸው ሥራ ተብሎ ሊቆጠር አይገባም በማለት የሰጠው አስተያየት በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ዝግጅት ላይ እንዲታረም፤ መስመሩ የተቋረጠበት አድማጭም ሐሳቡን የሚገልጽበት ዕድል እንዲሰጠው።

«ሞዓ አንበሳ» ሳይቆራረጥ፣ በንግግርና በማስታወቂያ ሳይሸፈን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ዝግጅት እንዲተላለፍ፤ የዜማ ደራሲዎቹና የተጫዋቾቹ ስም አብሮ እንዲነገር። ምሽቱ የማይመች ከሆነ ሌሊትም ይሁን፤ እኛ እንነቃለን።

ክፍልዎ አንድን የሙዚቃ ሥራ «ለጣቢያው የማይመጥን» የሚልበት መለኪያ በጽሑፍ ወጥቶ ለአድማጭ እንዲገለጽ፤ በዚህ መለኪያ ውድቅ የተደረገ ሥራ ለማስታወቂያ ማጀቢያነት የሚውልበት አሠራር እንዲቆም፤ ለማጀቢያነት የሚውሉ ሥራዎች ባለቤቶችም ፈቃዳቸው እንዲጠየቅ።

በማዘጋጃ ቤት፣ በቴአትር ቤቱና በፖሊስ ኦርኬስትራ ከጌታቸው ጋር የተጫወቱና ዛሬም በሕይወት ያሉ ሙዚቀኞች ምስክርነት ሳይዘገይ እንዲቀረጽ፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሚመለከት ክፍልም በመታሰቢያ ዝግጅቱ ላይ ተጨምሮ በድጋሚ እንዲቀርብ። ለዚህ ሥራ የሚሆኑትን ሁለቱን አልበሞች ጣቢያው ከሌሉት እኛ በውሰት እናቀርባለን፤ ሲመለሱ መያዣ ሽፋናቸው አብሮ እንዲመለስ ብቻ እንጠይቃለን።

መልስዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአድማጮቹ ስብስብ ሰብሳቢ እና ጸሐፊ
አዲስ አበባ